የወጋ ሲረሳ፤ 52፣ 290 እና 176

በጃንዋሪ 2020 የመጀመሪያ ሳምንት ሁለት ፕሬዚዳንቶች በቁጥር ተነጋገሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጃንዋሪ 3 ቀን የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላን የኢራኑን ጄኔራል ቃሲም ሱሌማኒን ባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ገደለ። ኢራን ደሙን እንደምትበቀል ዛተች። በማግስቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በትዊተር ገጻቸው፣ ኢራን አሜሪካውያንን ብትነካ በኢራን ምድር ተመርጠው የተያዙ 52 ቦታዎች እንደሚመቱ አስጠነቀቁ። ለምን 50 ወይም 60 አልሆነም? ምክንያቱን ራሳቸው ጻፉት፤ 52 ከብዙ ዓመታት በፊት በኢራን የታገቱት አሜሪካውያን ቁጥር ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የኢራኑ ፕሬዚዳንት ሐሰን ሩሃኒ በዚያው በትዊተር መለሱ። መልሳቸው አጭር ነበር፤ 52ን የሚጠቅሱ ሰዎች 290ንም ያስታውሱ የሚል።

ውድ ወጣቶች፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁለቱም መሪዎች አልዋሹም። 52ቱ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ፤ 290ዎቹም እንዲሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ የጠራው የራሱን ወገን ቁስል ብቻ ነው። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ። በኢራንና በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ግን ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው፤ ሁለቱም ወግተዋል፣ ሁለቱም ተወግተዋል። ሁለቱም የተወጉበትን ቀን በቃላቸው ይዘው የወጉበትን ረስተዋል። ስለዚህ ዛሬ አብረን የምናነበው እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ነው። ሁለቱ መሪዎች ያልጠሩትን አንድ ዓመትና፣ ከተነጋገሩ ከሁለት ቀን በኋላ የተጨመረውን ሦስተኛ ቁጥርም እናያለን።

ከሱሳ ግንብ እስከ አባዳን

ኢራንን አብዛኞቻችን መጀመሪያ ያወቅናት ፋርስ በሚለው የጥንት ስሟ ነው። አስቴር የኖረችበት የሱሳ ግንብ ፍርስራሽ ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢራን፣ ኩዜስታን በሚባለው ክፍለ ሀገር ይገኛል። የዘመናዊቱን ኢራን ዕጣ የወሰነውም ይኸው ክፍለ ሀገር ነው። በ1908 ብዙ ነዳጅ ዘይት የተገኘው እዚያ ነውና።

ነዳጁ ከመገኘቱ ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1901፣ ገንዘብ የቸገረው የኢራን ንጉሥ ዊልያም ዳርሲ ለተባለ እንግሊዛዊ ባለሀብት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ነዳጅ የመፈለግና የማውጣት መብት ለ60 ዓመት ሰጥቶት ነበር። ኢራን የምታገኘው ከተጣራው ትርፍ 16 በመቶ እንዲሆን ተፈረመ። በ1914 የእንግሊዝ መንግሥት የኩባንያውን አብላጫ ድርሻ ገዛ። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት እየዞሩ ስለነበር፣ የኢራን ነዳጅ ለእንግሊዝ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

በአባዳን ከተማ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ከጊዜ በኋላ በዓለም ትልቁ ለመሆን በቃ። የእንግሊዝ ሠራተኞች ሣር ባለባቸው ግቢዎች ሲኖሩ፣ ኢራናውያን የጉልበት ሠራተኞች በዚያ ሙቀት በተጨናነቁ ደሳሳ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። ውሉ በ1933 ቢሻሻልም ቅሬታው አልበረደም። በ1940ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት ከኩባንያው በግብር የሚያገኘው ገንዘብ፣ የነዳጁ ባለቤት ኢራን ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። ኢራን የኩባንያውን የሒሳብ መዝገብ ልመርምር ብትልም አልተፈቀደላትም። የራሱን እህል ሌላ ሰፍሮ ሲሰጠው፣ መስፈሪያውንም እንዳያይ የተከለከለ ገበሬ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

በዚህ ላይ ሌላ ቁስል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በኦገስት 1941፣ የእንግሊዝና የሶቪየት ኅብረት ወታደሮች ኢራንን ወረሩ። ንጉሡ ሬዛ ሻህ ዙፋኑን ለቅቆ ተሰደደ፤ የ21 ዓመቱ ልጁ መሐመድ ሬዛ በምትኩ ነገሠ። ኢራናውያን ከዚህ ትምህርት ወሰዱ፤ በአገራቸው ማን እንደሚነግሥና ማን እንደሚወርድ የውጭ ኃይሎች ሊወስኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ያልተጠራው ዓመት፤ 1953

በማርች 1951 የኢራን ፓርላማ ነዳጁ የአገሪቱ ሀብት እንዲሆን ወሰነ። በሚቀጥለው ወር የዚህ ሐሳብ መሪ የሆኑት መሐመድ ሞሳዴቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሞሳዴቅ ወደ 70 ዓመት የተጠጉ፣ በስዊዘርላንድ ሕግ የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሲናገሩ ያለቅሱ ነበር፤ ሕመም ስለነበረባቸው እንግዶችን አልጋቸው ላይ ሆነው በፒጃማ መቀበላቸው የታወቀ ነው። የውጭ ጋዜጦች በዚህ ሲያላግጡ፣ ሕዝባቸው ግን ይወዳቸው ነበር።

እንግሊዝ ባለሙያዎቿን አስወጣች፤ የኢራን ነዳጅ እንዳይሸጥም በዓለም ገበያ አገደች። ጉዳዩንም ኔዘርላንድስ፣ ዘ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ወሰደችው። ሞሳዴቅ ራሳቸው ወደ ዘ ሄግ ሄደው ተከራከሩ። በጁላይ 1952 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም ሲል 9 ለ 5 በሆነ ድምፅ ወሰነ፤ ከ9ኙ ዳኞች አንዱ እንግሊዛዊ ነበሩ። በአገራቸው ላይ የፈረዱትን የእኚህን ዳኛ ነገር ያዙልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አናገኝምና።

እንግሊዝ በፍርድ ቤት ያጣችውን በሌላ መንገድ ፈለገች። ኢራን ሤራውን ጠርጥራ በኦክቶበር 1952 ከእንግሊዝ ጋር ያላትን ግንኙነት ስታቋርጥ፣ እንግሊዝ ፊቷን ወደ አሜሪካ አዞረች። ፕሬዚዳንት ትሩማን መንግሥት በመገልበጥ ሐሳብ አልተስማሙም ነበር። በ1953 መጀመሪያ ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ግን ኢራን በኮሚኒስቶች እጅ እንዳትወድቅ ስለሰጉ ተስማሙ። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ከእንግሊዝ ስለላ ጋር ዕቅድ አወጣ፤ ከርሚት ሩዝቬልት የተባለ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የልጅ ልጅ፣ ቴህራን ገብቶ ሥራውን መራ። ለጋዜጦች፣ ለፖለቲከኞችና ለአመፅ ቀስቃሾች ገንዘብ ተበተነ።

በኦገስት 15 ሌሊት የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ። ሻሁ በአውሮፕላን ወደ ባግዳድ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሸሸ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 19፣ ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ። ታንኮች የሞሳዴቅን ቤት ደበደቡ፤ ጄኔራል ዛሄዲ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ሻሁም ተመልሶ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። ሞሳዴቅ ሦስት ዓመት ታሰሩ፤ ከዚያም በ1967 እስኪሞቱ ድረስ በገጠር ቤታቸው የቁም እስረኛ ሆነው ኖሩ። በ1954 በተፈረመው አዲስ የነዳጅ ስምምነት የአሜሪካ ኩባንያዎች 40 በመቶ ድርሻ አገኙ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ የውጭ እጅ ብቻ አልነበረም። ሞሳዴቅ በመጨረሻዎቹ ወራት እንደ አያቶላ ካሻኒ ያሉ ደጋፊዎቻቸውን አጥተው ነበር። ፓርላማውን ለመበተን ባደረጉት ሕዝበ ውሳኔም «አዎ» የሚሉና «አይ» የሚሉ ሰዎች በተለያየ ቦታ፣ በግልጽ እንዲመርጡ አድርገዋል፤ ይህ ለዲሞክራሲ ቆሜያለሁ ለሚል ሰው የሚያስመሰግን አይደለም። በጉዳዩ ላይ የተሰለፉ የኢራን ጄኔራሎች፣ የሃይማኖት መሪዎችና ነጋዴዎችም ነበሩ። ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ ሁለት ኃያላን መንግሥታት በምስጢር ገንዘብ የሌላ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር አስወርደዋል።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። ይህ ቀን ለአንድ ኢራናዊ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተርከው ቁስል ነው። አብዛኛው አሜሪካዊ ግን መንግሥቱ ያደረገውን አያውቅም ነበር፤ ምስጢር ነበርና። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይት አገራቸው በነገሩ ትልቅ ድርሻ እንደነበራት በይፋ የተናገሩት በ2000 ነው። ሲአይኤ ራሱ ድርጊቱን የሚያምኑ ሰነዶቹን ለሕዝብ የለቀቀው በ2013፣ ልክ በ60 ዓመቱ ነው። የወጋ እንዲህ ይረሳል፤ አንዳንዴም እንዲያውቅ አይደረግም።

52

ሻሁ ከተመለሰ በኋላ 25 ዓመት ገዛ። መንገድ፣ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። በሌላ በኩል በ1957 የተቋቋመው ሳቫክ የተባለው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ተቃዋሚን በማሰርና በማሠቃየት ስሙ ገነነ፤ ሰዎቹን በማሠልጠን አሜሪካ እጇ ነበረበት። በ1964 በኢራን የሚገኙ የአሜሪካ ወታደራዊ ሰዎች በኢራን ፍርድ ቤት እንዳይከሰሱ የሚያደርግ ሕግ ሲወጣ፣ አያቶላ ኾሜኒ የተባሉ የሃይማኖት መሪ በቁጣ ተቃወሙ። ለዚህም ከአገር ተባረሩ።

በኦክቶበር 1971 ሻሁ የፋርስን ንጉሣዊ መንግሥት 2500ኛ ዓመት በጥንታዊቷ ፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ አጠገብ እጅግ ውድ በሆነ ድግስ አከበረ። ከተጋበዙት ነገሥታት መካከል የእኛው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል። በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሁለቱ ነገሥታት የሚመጣውን ማን በነገራቸው? ከሦስት ዓመት በኋላ አንደኛው፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ዙፋናቸውን አጡ። በ1977 የመጨረሻ ሌሊት ቴህራን የነበሩት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ኢራንን በታወከ አካባቢ የምትገኝ የመረጋጋት ደሴት ብለው አሞገሷት። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ በሰልፍና በአድማ ተናወጠች። ጃንዋሪ 16 ቀን 1979 ሻሁ ከአገር ወጣ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ኾሜኒ ተመለሱ።

የሚቀጥለውን ለመረዳት 1953ን ማስታወስ ያስፈልጋል። ያኔም ሻሁ ከአገር ሸሽቶ ነበር፤ ያኔም አበቃለት ሲባል በአሜሪካ እርዳታ ተመልሷል። ስለዚህ በኦክቶበር 1979 በካንሰር የታመመው ሻህ ለሕክምና ኒው ዮርክ ሲገባ፣ አብዮተኞቹ ያዩት በሽተኛ ሳይሆን ሁለተኛ መፈንቅለ መንግሥት ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን ተማሪዎች የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር ዘልለው ገቡ። ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ያዙ፤ ከተወሰኑት መለቀቅ በኋላ 52ቱ ለ444 ቀናት ታገቱ።

ሥጋታቸው መሠረት ነበረው ማለት ድርጊታቸው ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ታጋቾቹ ዓይናቸው ታስሮ ለካሜራ ታይተዋል። አንድ ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው ግድግዳ ላይ እንዲቆሙ ተደርገው፣ ሊረሸኑ ነው ብለው እስኪያምኑ በባዶ ጠመንጃ ተቀልዶባቸዋል። ከእነርሱ መካከል በ1953 ሥራ ላይ ያልነበሩ፣ ገና ልጆች የነበሩ ብዙ ናቸው። በዘ ሄግ የሚገኘው ያው ፍርድ ቤት በሜይ 1980 ኢራን ታጋቾቹን እንድትለቅ ፈረደ። ያን ጊዜ ሞሳዴቅ በኩራት የቆሙበትን ፍርድ ቤት፣ አሁን የኢራን መሪዎች አልሰማ አሉ።

ታጋቾቹን ለማስለቀቅ በኤፕሪል 1980 የተላከው የአሜሪካ ጦር በረሃ ላይ አደጋ ደርሶበት 8 ወታደሮች ሞቱ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በየምሽቱ የእገታውን ቀን ይቆጥር ነበር፤ 100፣ 200፣ 300። በመጨረሻ አልጄሪያ አስታረቀች፤ ታጋቾቹም ጃንዋሪ 20 ቀን 1981 ተለቀቁ። የስምምነቱ የመጀመሪያ ነጥብ ምን ይላል? አሜሪካ በኢራን የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንደማትገባ ቃል ትገባለች ይላል። አሜሪካዊው 444 ቀን ሲቆጥር፣ ኢራናዊው 28 ዓመት ወደ ኋላ ይቆጥር እንደነበር ከዚህ ይታያል።

290

እገታው ገና ሳያልቅ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1980፣ የኢራቁ መሪ ሳዳም ሁሴን ኢራንን ወረረ። በአብዮቱ የተዳከመች መስሎት ነበር። ጦሩ የገባው በዋናነት ነዳጅ ባለበት በኩዜስታን ነው። የወደብ ከተማዋ ኾራምሻህር በከባድ ውጊያ ተያዘች፤ በሜይ 1982 ኢራናውያን መልሰው ያዟት። ያኔ ጦርነቱ ሊቆም ይችል ነበር። የኢራን መሪዎች ግን ሳዳምን ሳናወርድ አናቆምም ብለው ወደ ኢራቅ ምድር ገቡ፤ ጦርነቱም ሌላ ስድስት ዓመት ቀጠለ። ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ከኢራን በኩል ካለቁት ውስጥ ዕድሜያቸው ለጦርነት ያልደረሰ ልጆች ይገኙበታል።

ኢራቅ በመርዝ ጋዝ ትዋጋ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎችም ይህን አረጋግጠዋል። ቢሆንም ኃያላኑ መንግሥታት ኢራን እንዳታሸንፍ ስለፈለጉ ለኢራቅ ጀርባ ሆኑ። አሜሪካ ለኢራቅ የስለላ መረጃ ትሰጥ ነበር፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ በምስጢር ለኢራን መሣሪያ ሸጣ በ1986 ተጋለጠች። ዛሬም በኢራን በዚያ ጋዝ ሳንባቸው የተቃጠለ፣ አየር ለመሳብ የሚቸገሩ ሰዎች አሉ። የኢራን መንግሥት «በራሳችን እንጂ በማንም አንታመንም» ሲል የሚሰሙት ዜጎቹ ይህን ያስታውሳሉ።

ጁላይ 3 ቀን 1988 ጠዋት ከባንዳር አባስ ወደ ዱባይ የሚበር የኢራን መንገደኞች አውሮፕላን ተነሣ። በረራው አጭር ነው፤ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ መውረድ ብቻ። ከታች ከኢራን ጀልባዎች ጋር ሲታኮስ የነበረው ቪንሰንስ የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ አውሮፕላኑን የኢራን ተዋጊ ጄት መሰለው። የመሰላቸው ጄት አሜሪካ ራሷ ለሻሁ የሸጠችው ዓይነት ነው። ሁለት ሚሳይል ተኮሱ። 290 ሰዎች ሞቱ፤ 66ቱ ልጆች ነበሩ።

አሜሪካ ማዘኗን ገለጠች እንጂ ጥፋተኛ ነኝ አላለችም። የመርከቡ አዛዥ በ1990 ለአገልግሎቱ ሜዳይ ተሸለመ። ኢራን ጉዳዩን ወደ ዘ ሄግ ወሰደችው፤ ያው ፍርድ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ። በ1996 አሜሪካ ለሟች ቤተሰቦች 61.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ ጥፋተኝነቷን ግን አላመነችም። ካሣ ተከፈለ፤ «በድለናል» የሚለው ቃል ግን ቀረ። ከሁለቱ የቱ እንደሚያሽር በዕርቅ ሸንጎ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል።

አውሮፕላኑ ከተመታ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ኢራን የተኩስ አቁሙን ተቀበለች፤ ኾሜኒም መቀበሉ መርዝ የመጠጣት ያህል እንደሆነባቸው ተናገሩ። በዚያው በጋ ግን የኢራን መንግሥት በእስር ቤቶቹ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞችን በምስጢር ረሸነ። ብዙዎቹ ስም በሌለው መቃብር ተጣሉ። 290ን በየዓመቱ የሚዘክረው መንግሥት ስለ እነዚህ ቁጥር አይጠራም፤ እናቶቻቸው በመቃብሩ ቦታ ተሰብስበው እንዲያለቅሱ እንኳ ሲከለክል ኖሯል።

176

አሁን ወደ ጃንዋሪ 2020 እንመለስ። ፕሬዚዳንት ሩሃኒ 290ን አስታውሱ ያሉት ጃንዋሪ 6 ቀን ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን ከንጋት በፊት ኢራን ኢራቅ ውስጥ ባሉ የአሜሪካ ወታደሮች የሰፈሩባቸው ጣቢያዎች ላይ ሚሳይል ተኮሰች። የኢራን አየር መከላከያ የአሜሪካን አጸፋ እየጠበቀ ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ አደረ። የአየር ክልሉ ግን ለመንገደኞች አውሮፕላን አልተዘጋም ነበር።

ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ኪየቭ የሚበር የዩክሬን አውሮፕላን ከቴህራን ተነሣ። ከተሳፈሩት አብዛኞቹ ኢራናውያንና ኢራናዊ ትውልድ ያላቸው የካናዳ ነዋሪዎች ናቸው፤ ቤተሰብ ጠይቀው የሚመለሱ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ሙሽሮች፣ ሕፃናት። የአብዮታዊ ዘቡ የአየር መከላከያ ክፍል አውሮፕላኑን የጠላት ሚሳይል መሰለው። ሁለት ሚሳይል ተኮሱ። 176 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈ የለም።

ልብ በሉ። ከ32 ዓመት በፊት ቪንሰንስ የሠራውን ስሕተት፣ ያንኑ ስሕተት ለዓለም በምሬት ሲያስታውስ የኖረው መንግሥት ሠራው፤ ያውም በራሱ ልጆች ላይ። ሦስት ቀን ሙሉ የቴክኒክ ብልሽት ነው እያለ ካደ። በአራተኛው ቀን ማስረጃው ሲበዛበት አመነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይልቅ እንድታስታውሱት የምፈልገው ነው። የቴህራን ተማሪዎች ሻማ ይዘው፣ ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወጡ። በዚያ ቀን መንግሥት ያዘነላቸው መስሎ የሚያቀርበውን ሰበብ አልተቀበሉም፤ ውሸታሞች ብለው ጮኹ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሬት ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲረግጣቸው የአሜሪካና የእስራኤል ባንዲራዎች ተሥለው ነበር። ብዙ ተማሪዎች ባንዲራዎቹን ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ዞረው ሲያልፉ የሚያሳይ ፊልም ዓለም አየው። እነዚህ ወጣቶች 290ን አልረሱም፤ አሜሪካንም ድንገት አልወደዱም። ነገር ግን የሌላውን ኃጢአት በመቁጠር የራስን መሸፈን ለአንድ ቀን እምቢ አሉ። በ1952 በአገራቸው ላይ ድምፅ የሰጡትን እንግሊዛዊ ዳኛ ታስታውሳላችሁ? ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ በቴህራን መንገድ ላይ ወንድሞችና እኅቶች አገኙ።

መዝገቡን ሙሉውን ማንበብ

ጠቡ በዚህ አላበቃም። በ2015 በኢራን የኑክሌር ሥራ ላይ የተደረሰውን ስምምነት አሜሪካ በ2018 ትታ ወጣች፤ ማዕቀቡም ተመለሰ፤ የኢራን እናቶችም መድኃኒት ማግኘት ከበዳቸው። በጁን 2025 እስራኤል ኢራንን መታች፤ ለ12 ቀናትም ተዋጉ፤ አሜሪካም በኢራን የኑክሌር ተቋማት ላይ ቦምብ ጣለች። ቴህራንም ቴል አቪቭም አዲስ ሙታን ቀበሩ፤ አዲስ የሚቆጠር ቁጥር ተጨመረ።

በመጽሐፈ አስቴር ንጉሡ እንቅልፍ ያጣበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። ያን ሌሊት የታሪክ መዝገብ እንዲነበብለት አዘዘ፤ ሲነበብም ያልከፈለው ዕዳ እንዳለበት አወቀ። ንጉሡ ያን ሌሊት መዝገቡን ያስነበበው የበደሉትን ሰዎች ስም ለመፈለግ ቢሆን ኖሮ፣ የመርዶክዮስን ስም አልፎት በሄደ ነበር። ነገሥታት የሚወዱት ባለዕዳዎቻቸው የተጻፉበትን ገጽ ነው። እነርሱ ራሳቸው ባለዕዳ የሆኑበት ገጽም ግን በዚያው መዝገብ ውስጥ አለ።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛም ስንከራከር የምንጣላው በሆነው ነገር ላይ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የምንጣላው ቆጠራው ከየት ይጀምር በሚለው ላይ ነው። አንዱ ከትናንት ይጀምራል፤ ሌላው ከአያቱ ዘመን። ሁለቱም እውነት ይዘው ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስለዚህ ስለማንኛውም ጠብ ስትሰሙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ሰው መቁጠር የጀመረው ከየትኛው ዓመት ነው? ደግሞስ የራሱ ወገን ያደረሰውን ቁጥር ያውቀዋል? ሁለተኛውን ጥያቄ ለሌላው ከማቅረባችሁ በፊት ለራሳችሁ አቅርቡት።

52፣ 290 እና 176። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ መሪ እስካሁን በሁለቱም አገር አልሰማንም። እናንተ ግን አሁን ጠርታችኋቸዋል።

ለኅብረት ውይይት

1. በ1952 በራሱ አገር ላይ ድምፅ የሰጠው ዳኛ አገሩን ከድቷል ትላላችሁ ወይስ አገልግሏል? ለምን?

2. የአንድን ጥፋት መነሻ ማወቅና ጥፋቱን ማጽደቅ የሚለያዩት የት ላይ ነው? የኤምባሲውን እገታ ምሳሌ አድርጋችሁ ተወያዩ።

3. በቤተሰባችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የሚታወቅ አንድ የቆየ ጠብ አስቡ። ሁለቱ ወገኖች ቆጠራውን የሚጀምሩት ከየት ነው? የሌላው ወገን ሰው ታሪኩን ቢተርከው ከየት ይጀምረው ነበር?